እጀታው በጥበቃው ኪስ ውስጥ ስላለው በር

ለተከበሩ የቤቶች ርክክብ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ እንቅልፍዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴም ጉልበቷ ከመክዳቱና ድምጿ ከመሳሳቱ በቀር ደህና ናት። ይህን ለወግ ያህል አልጻፍኩትም፤ ዝቅ ብዬ ስለምመለስበት እባክዎ ከፊትዎ ያኑሩልኝ።

መሥሪያ ቤትዎ ባለፈው ሰኞ አዲሱን ቤታችንን አይቼ እንድረከብ ስለጠራኝ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። «አይቼ» የሚለውን ቃል የወሰድኩት ከራስዎ ጥሪ ነው፤ የላኩት ባለሙያ ግን ገና ደጃፉ ላይ እንደተገናኘን ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥተው «ማዘር፣ እዚች ጋ ይፈርሙና እንገባለን» አሉኝ። እኔን ያስተማሩኝ መምህር ሳናነብ የፈረምን እንደሆነ መዳፋችንን በማስመሪያ ይሉን ነበርና፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶም እጄ ፈርቶ ኪሴ ውስጥ ገባ። ወረቀቱ «ቤቱን አንዳች እንከን ሳይኖርበት ተረክቤአለሁ» ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ያማረ ነው፤ አራት ነጥቡም በቦታው አለ። ስለ ቤቱ ግን እንደዚያ ለማለት ስላልደፈርኩ የሚከተለውን በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ወለሉ። ከቦርሳዬ አንድ ሎሚ አውጥቼ ሳሎኑ መሐል ባስቀምጠው፣ ጥቂት ካሰበ በኋላ መንከባለል ጀመረና ኮሪደሩን ይዞ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደረሰ። ባለሙያዎ «ይለመዳል ማዘር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደግሜ ባስቀምጠው ሎሚው መንገዱን ለምዶ ኖሮ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ሄደ።

፪ኛ፦ መብራቱ። የመኝታ ቤታችንን ማብሪያ ስጫን የጎረቤታችን ደጅ በራ። ገና ሳንተዋወቅ ለጎረቤት ብርሃን እንድንሆን ስላደረጉን ምስጋናዬ የላቀ ነው። የእኛን መኝታ ቤት የሚያበራው ሰው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልታወቀም፤ አምሽቶ የማያነብ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ይህም ይለመዳል ተብያለሁ።

፫ኛ፦ ስለ መስኮቱ ረዘም ያለ አንቀጽ አስቤ ነበር። ልከፍተው ብነካው ከነክፈፉ ወደ ውጭ ስለሄደና በሌለበት መክሰስ ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ።

፬ኛ፦ የመታጠቢያ ቤቱ በር። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ይቀመጡልኝ።

በሩ ከውጭም ሆነ ከውስጥ እጀታ የለውም፤ ያለው እጀታው የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ይህን ባነሳ ጊዜ ባለሙያዎ በእኔ አስተያየት ጥቂት አዘኑና፣ በሩ እንዴት ያለ በር እንደሆነ ሊያሳዩኝ ስልካቸውንና ወረቀቱን ሳሎን ጥለው ገቡ፤ ከውስጥ ሆነውም ገፋ አደረጉት። ሳላመሰግን አላልፍም፤ በዚያ ቤት ውስጥ የተሠራበትን ሥራ በትክክል ሲሠራ ያየሁት ያ በር ብቻ ነው። ልክክ ብሎ ተዘጋ። መከፈቱን ግን ማንም ያስተማረው አይመስልም።

መጀመሪያ ላይ «ማዘር፣ እስቲ ገፋ ያድርጉት» ይሉ ነበር። ትከሻቸው ሲደክም «እናቴ» አሉኝ። ዘግየት ብሎ «የኔ እናት፣ በፈጠረዎት ሰው ይጥሩልኝ» የሚል ድምፅ በቀዳዳው መጣ። እኔም አፌን ወደ ቀዳዳው አስጠግቼ «ይለመዳል ልጄ» አልኳቸው። በክፋት አልነበረም፤ እኔ የተጽናናሁበትን ቃል ነው የመለስኩላቸው። ውሃ እንደጠማቸውና ቧንቧው ከመተንፈስ በቀር የሚሰጠው ነገር እንደሌለ ሲነግሩኝ፣ ከበሩ ሥር የተዉልን ክፍተት ለጋስ ስለሆነ ሎሚውን ላክሁላቸው። መግፋት አላስፈለገኝም፤ ለቀቅ ማድረግ ብቻ በቂ ነበር።

ሰው ለመጥራት ስነሳ ስልካቸው ጮኸ። የደወሉት እርስዎ ነዎት፤ ምናልባት ያስታውሱኛል። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ባለሙያው የት እንዳሉ ጠየቁኝ፤ እኔም መታጠቢያ ቤት እንደገቡና መውጣት እንዳቃታቸው በግልጽ አስረዳሁ። እርስዎም «እሺ፣ ሲወጣ ይደውልልኝ» ብለው ዘጉት። የአለቃ ውሳኔ ነውና አክብሬ በቀዳዳው አስተላለፍኩ።

በመጨረሻ የግቢውን ጥበቃ ጠርቼ አመጣሁ። እሳቸውም ምንም ሳይደነግጡ ከኮት ኪሳቸው አንድ እጀታ አውጥተው፣ ቀዳዳው ውስጥ ሰክተው፣ በሩን ከፍተው፣ እጀታውን ነቅለው መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ወዴት እንደሚወስዱት ብጠይቃቸው፣ ለሕንፃው በሙሉ ያለው እጀታ ያ ብቻ እንደሆነና፣ ሰው ሊረከብ በመጣ ቁጥር ይዘው እየዞሩ እንደሚሰኩት፣ ያን ቀን ግን እኛ ቀድመናቸው እንደገባን ነገሩኝ። እኔም ስለ ስህተታችን ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ባለሙያዎ ኖራ በኖራ ሆነው፣ የተመጠጠ ሎሚ በእጃቸው ይዘው ወጡ። ለሥራ ያላቸው ፍቅር የሚደነቅ ነውና በሌላው እጃቸው ወረቀቱን አንስተው ዘረጉልኝ። «በሮች» በሚለው መስመር ላይ ለባለሙያው ፊርማም ቦታ ስላለ፣ በሩን ከውስጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና አስቀድመው እንዲፈርሙ ለመንኳቸው። እስክሪብቶውን አነሱ። በሩን አዩት። እስክሪብቶውን ኪሳቸው መለሱት።

አሁን ያኑሩልኝ ወዳልኩዎት ነገር ልመለስ። እኔ ለጉዳይ ስወጣ እህቴ ብቻዋን ትውላለች። ያን በር ከኋላዋ የዘጋችው እንደሆነ፣ እጀታ በኪሱ የያዘ ሰው ያንኑ ሰዓት አያልፍም፤ ድምጿም እንኳን ደጅ ሳሎን አይደርስም፤ የት ገባች ብሎ የሚደውልላት አለቃም የላትም። እኔ እስክመለስ በዚያ ሲሚንቶ ላይ ትቀመጣለች። በዕለቱ እንደሳቅሁ አልክድም፤ ወደ ቤት ስመለስ ግን መንገድ ላይ ሳቄ ተወኝ።

አሁን ያለንበት ቤት አከራይ ቀጣዩን ተከራይ መጋረጃ ሊያስለኩ ይዘው መጥተዋል። ባለሙያዎ ደግሞ «ካልፈረሙ ቁልፍ የለም» ብለውኛል። ስለዚህ ለወለሉ፣ ለመብራቱና ለሌለው መስኮት ዛሬውኑ እፈርማለሁ፤ ቃሌ ነው፣ እንለምዳቸዋለን። የዚያ በር እጀታ ግን በውስጥም በውጭም ላይነቀል እስኪታሰር፣ በሩም ወደ ውጭ እንዲከፈት እስኪደረግ ድረስ አልፈርምም፤ እህቴ ከኋላው ብትወድቅ ገፍቼ የምገባው በእሷ ላይ ነውና።

የሚገቡባቸው በሮች ሁሉ መውጫም እንዲሆኑልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትናና ከደጅ ሆኜ እጅ የምነሳ፣

ቤቷን ያልተረከበችው የቤት ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሩን ራስዎ መርምረው ለማረጋገጥ ቢፈቅዱ በማንኛውም ቀን እጠብቅዎታለሁ፤ ሎሚም ይዤ እመጣለሁ። ሲገቡ ስልክዎን ለእኔ ይተዉልኝ። የበላይዎ የደወሉ እንደሆነ፣ ሲወጡ ይደውላሉ እላቸዋለሁ።