ስንት ፍሬ ቀረ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለመድኃኒት ቆጣሪው፤

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። ደህና እንዳልሆንክ ሚስትህ ነግራኛለች፤ እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። እጄ ለጽሑፍ ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቃለህ። አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ ያለውን ሁሉ አስቤበት ነው የምጽፈው። በኋላ "እማዬ በንዴት ነው የጻፈችው" እንዳትል።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ ነው የተቀመጥኩት። ግን አንተ በፈለግከው ቅደም ተከተል አይደለም። መጀመሪያ ያን ቀን ትሰማለህ። አንተ አልነበርክም።

ሰኞ ነበር። የእረፍት ሰዓት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የደወሉን ገመድ ይዤ ግቢው መሃል ቆሜያለሁ። ዋና ጠራዡ በትምህርት ቤቱ በር ገባ። እህትህን ስምንት ዓመት መጽሐፍ ጥረዛ ያሠራት ሰው ነው፤ ታውቀዋለህ። ሽርጡን አላወለቀም። ጣቶቹ ላይ ሙጫ ደርቆባቸዋል። ሰው በሥራ ሰዓት እጁን ሳይታጠብ መንገድ አቋርጦ ከመጣ ለደህና አይመጣም።

"እትዬ፣ ገመዱን ይልቀቁት" አለኝ።

"ሰዓቱ ደርሷል።"

"ግዴለም፣ ልጆቹ ይቆዩ።"

"ጣላት እንዴ?"

"ጣላት።"

"ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው? በጎኗ አስተኝታችሁ ጠብቋት ብያችሁ የለም?"

"አስተኝተን ጠበቅናት። አለፈላት ስንል ይጀምራታል፣ አለፈላት ስንል ይጀምራታል። ሆስፒታል አደረስናት።"

"እዚያስ ምን አሏችሁ?"

መሬት መሬት አየ። "ቦርሳዎትን ይያዙ፣ እትዬ" ብቻ አለኝ።

ያን ቀን ደወሉ ሳይደወል ቀረ። ልጆቹ በመስኮት እያዩኝ በግቢው አቋርጬ ወጣሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስደውል አንድም ቀን አልሳትኩም ነበር።

ከቀብር ተመልሰን ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። አንተ ነህ። አለቀስክ፣ እኔም አለቀስኩ። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ እናትና ልጅ እንደሆንን እንቆይ ነበር። አንተ ግን አፍንጫህን ጠርገህ፣ "እማዬ፣ ነጩ ክኒን ስንት ፍሬ ቀረ?" አልከኝ።

አፈሯ ገና አልደረቀም። ዘጋሁብህ። በማግስቱ ደውለህ ያንኑ ጠየቅክ። በሦስተኛው ቀን በጽሑፍ ላክህ፣ "እባክሽ ቁጠሪልኝ" ብለህ። ምን ለብሳ እንደተቀበረች አልጠየቅክም። ማን አፈር እንዳለበሳት አልጠየቅክም። ክኒን ቁጠሪልኝ ነው ያልከኝ።

እኔም ለቅሶ ለመጣ ሁሉ "ወንድሟ የላከው መድኃኒት ነው ልጄን የፈጀብኝ" አልኩ። ለጎረቤት አልኩ፣ ለአስተማሪዎቹ አልኩ። ዋና ጠራዡ ጎኔ ተቀምጦ ነበር። "እትዬ፣ ይሄን ነገር ይተዉት፣ ልጁ ይሰማል" አለኝ። "ይስማ" አልኩት። ሰማህ። ከዚያ ወዲያ መደወል ተውክ።

ዓርብ

"ቀሰስ" ብለህ ስም ያወጣህላት አንተ ነህ። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ነጩን ክኒን ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ። ሳህን ልታጥብ ቆማ ውሃው ይፈሳል፣ እሷ ሳህኑን ይዛ ግድግዳ ታያለች። "ቀሰስ፣ ዘንድሮ ትጨርሻለሽ ወይስ ለከርሞ እንያዝልሽ?" አልካት። ሳቀች፤ ግን ዘግይታ ነው የሳቀችው። ስሙ ተጣበቀባት። አንተ ስትሄድ ሻንጣህን ይዘህ ስሙን ጥለህላት ሄድክ። የሥራ ቤት ሰዎች እንኳ እናቷ ያወጣችላትን ስም አያውቁትም ነበር።

ነጩ ክኒን ፌኖባርቢታል ይባላል። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ፊደል አልሳትኩም፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆርቆሮው ላይ ሳነበው ኖሬያለሁ። በየማታው አራት ፍሬ። በወር ሦስቴ ይጥላት የነበረው በዓመት ሁለቴ ሆነ። በሽታውን ያዘው፣ እሷንም አብሮ ያዛት። ገጽ ስታጥፍ ቁጥሩ ይጠፋባታል። አንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ከገጽ ሰማንያ ወደ ገጽ ሃያ ተመልሶ ተሰፍቶ ወጣ። ዋና ጠራዡ ገልጦ አየና "ቀሰስ፣ አንባቢው ካልገባው ብለሽ ልትደግሚለት ነው?" ብሎ አለፋት። ሌላ አሠሪ ቢሆን በዚያው ቀን ያሰናብታት ነበር።

ክኒኗን የምደለድለው እኔ ነበርኩ። በእሷ እጅ ከሆነ መውሰዷን ትረሳና ትደግማለች። ከእንቁላል መያዣ ካርቶን ሰባት ጎድጓዳ ቆርጬ፣ በየጎድጓዳው የቀኑን ስም ጽፌ፣ እሑድ እሑድ የሳምንቱን እሞላለሁ። ሲያዩት ካርቶን ነው፤ ግን በእኔ እጅ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ከዚያ አንተ አዲሱን፣ ቢጫውን ክኒን አመጣህ። ከሐኪሟ ጋር ተጻጻፍክ፣ እሱም ተስማማ፣ በሰው ላክህልን። ወረቀትም ላክህ፣ ለእኔ ብለህ በትልልቅ ፊደል። ነጩ ሦስት ሳምንት በየማታው ሦስት፣ ቀጥሎ ሦስት ሳምንት ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት ሳምንት አንድ፣ ከዚያ በቃ። ቢጫው በየቀኑ ሳይጓደል።

"ነጩን ለምን በአንዴ አናቆመውም?" ብዬ በስልክ ጠየቅኩህ።

"እማዬ፣ አንጎል ማለት እንደ ትምህርት ቤትሽ ነው" አልከኝ። "ልጆቹ ሲያወሩ ይውላሉ። እሷን የሚጥላት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጮኹ ነው። ነጩ ክኒን በየክፍሉ እየዞረ ዝም በሉ የሚል ሰው ነው።"

"ስለዚህ ነው እሷም አብራ ዝም የምትለው።"

"ስለዚህ ነው።"

"ቢጫውስ?"

"ቢጫው ዝም አያሰኝም። ልጆቹ እርስ በርስ የሚወራወሩትን ወረቀት ይቀንሳል። ጩኸቱ ከክፍል ክፍል አይዛመትም፤ እሷ ግን አትፈዝም።"

"ታዲያ ያንን ዝም አሰኚ ዛሬውኑ እናሰናብተው።"

"አይሆንም። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ሲያሰኛቸው ኖሯል። እነሱም ከእሱ በላይ መጮህ ለምደዋል። ድንገት ከወጣ ግን..."

"አውቃለሁ" ብዬ አቋረጥኩህ። "የሒሳቡ መምህር ጥሎት የወጣ ክፍል፣ ከመጀመሪያውም መምህር ከሌለው ክፍል ይብሳል።"

ሳቅህ። "አንቺን ነበር ማስተማር" አልከኝ።

እንግዲህ እናቴ ሳይገባት ቀርቶ ነው እንዳትል። ገብቶኛል።

ቅዳሜ

ትናንት እዚህ ላይ እርሳሱን አስቀመጥኩት።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት አንተ አላየሃቸውም። በሁለተኛው ሳምንት ሳህን እያጠበች ስታፏጭ ሰማኋት። ማፏጨት እንደምትችል አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ገብታ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ "እማዬ፣ ዛሬ በመጀመሪያው ጥሪ ሰማሁ" አለችኝ። ሌላ ጊዜ ሦስቴ አራቴ ካልተጠራች አትሰማም። ዋና ጠራዡ ሁለት ቀን ይፈጅባት የነበረውን ሥራ ከምሳ በፊት ጨርሳ ሲያገኛት፣ "ማን ነሽ አንቺ? ቀሰስን የት አደረግሻት?" አላት። "ሥራ ለቃለች" አለችው። ወዲያው፣ ሳትዘገይ። ሁሉም መርፌያቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

አሥራ አንድ ዓመት ልጄን ከግድግዳ ወዲያ ስሰማት ኖሬ በሩ ተከፈተ። አንተ በስልክ ድምፅዋን ሰማህ እንጂ ፊቷን አላየህም። ሦስት ሳምንት፣ ከዚያ ሌላ ሦስት ሳምንት፣ ከዚያ ሌላ እያሉ በወረቀት መጻፍ ከሩቅ ላለ ሰው ቀላል ነው።

እሑድ የአራተኛውን ሳምንት ልሞላ ካርቶኑን ዘረጋሁ። ቢጫውን ደለደልኩ። ነጩን ቆርቆሮ ከፍቼ ሁለት ፍሬ መዳፌ ላይ አደረግሁ። ብዙ አየኋቸው። ልጄን ደብቀውብኝ የኖሩት እነዚህ ናቸው እያልኩ አየኋቸው።

ይህን ነገ እጨርሰዋለሁ።

እሑድ

ሚስትህ ረቡዕ ለታ ደውላ ነበር። ሳልነግርህ እንዳልቀር።

"እማማ፣ ሥራ ከሄደ ሁለት ሳምንት አልፎታል" አለችኝ። "አንድ ቀን መድኃኒት ቤቱ ሄዶ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ተመለሰ። እጄ መድኃኒት መቁጠር እምቢ አለኝ ይላል። ያቺን የጻፈላችሁን ወረቀት ገልብጦ ይዞ ሲደምር ይውላል። ሦስቱን ሳምንት አምስት ባደርገው ኖሮ፣ ግማሽ ግማሽ ብቀንስ ኖሮ ይላል።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርገው?"

"ቁጥሩን ይንገሩት። ሌላ ምንም አልለመንኩዎትም።"

"አንቺ ደግሞ ተልከሽ ነው?"

"አልተላኩም። ደክሞኝ ነው።"

ቆፍጣና ሴት ናት። ስታገባት አልወደድኳትም፣ አሁንም እወዳታለሁ አልልህም፤ ግን ቆፍጣና ናት።

እንግዲህ ስማኝ።

አንተ በጻፍከው ስንጀምር ቆርቆሮው ውስጥ መቶ ሃያ ፍሬ ነበር። በወረቀትህ ቢሄድ ኖሮ፣ በሞተችበት ሰኞ ጠዋት አርባ ሦስት መገኘት ነበረበት። ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ አሥር አሥር እያደረግሁ ቆጠርኩ። አላመንኩምና ደገምኩት። ሃምሳ ሰባት ነው።

ወረቀትህን ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። ነጩን በዋጠች ቁጥር ግርጌው ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት አደርግ ነበር። ሃያ አንድ ጭረት ታገኛለህ። ሃያ ሁለተኛውን አትፈልገው፣ የለም።

ያን ሰኞ ማታ፣ ከመሞቷ ሳምንት በፊት፣ ካርቶኑን አንስታ አየች። ቢጫው ብቻውን ነው።

"ነጩስ?" አለችኝ።

"ወንድምሽ በቃ ብሏል" አልኳት።

"እሱ? ቸኩሎ አያውቅም እኮ" ብላ ሳቀች። ደስ አላት። ደውላ ልታመሰግንህ ስልኳን አነሳች። "ተዪው፣ ሥራ ላይ ነው" አልኳት።

ይህን ነው የጠየቅከኝ። መለስኩልህ።

አሁንም እንደተቀየምኩህ ነኝ። ቀሰስ ስላልካት ተቀይሜሃለሁ። ትክክል ስለነበርክም ተቀይሜሃለሁ፤ ይሄኛው ቶሎ የሚወጣልኝ አይመስለኝም። አንተ በእኔ ምን ያህል እንደምትቀየም አላውቅም፤ አልጠይቅህምም።

ለቅሶ ለመጡት የነገርኩትን ራሴ ቤት ለቤት ዞሬ አስተባብላለሁ። ከዋና ጠራዡ ጀመርኩ። ትናንት ሥራ ቤት ሄጄ፣ እሷ ትቀመጥበት ከነበረው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ነገርኩት። እጁን ጠርጎ ወንበር አቀረበልኝ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ወንበሩ ባሰብኝ።

አንተ ነገ ተነስተህ ወደ ሥራህ ሂድ። እንደ እኔ ያለች እናት መጥታ በመስኮትህ ስትቆም፣ ቀስ እያሉ መቀነስ ለምን እንደሚያስፈልግ ንገራት። አውቃለሁ ብላ ካቋረጠችህ ከመጀመሪያው ጀምረህ ድገምላት። ልጇ ነቅታላት ደስ ካላት ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ንገራት።

ፈጣሪ እጅህን ይመልስልህ። ሚስትህን ያበርታልህ። ልጆችህን አንዱንም ሳያጎድል ያሳድግልህ።

ይህን ደብዳቤ ለሚስትህ አንብብላት፤ ልጆችህም ፊደል ሲያውቁ አትደብቃቸው። የምታነቡት ሁሉ ለሟቿ ጸልዩላት፣ ነፍሷን ይማርልን በሉ። ስትጸልዩ ግን ቀሰስ አትበሏት። በስሟ ጥሯት። በመጀመሪያው ጥሪ ትሰማለች።

እናትህ