ዘጠኙ አመስጋኞች

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምሽ አውራ ጣትሽ እንዴት ናቸው? አንድ በአንድ እየጠራሁ ጠየቅሁሽ፤ አንዱን ግን ዘለልኩት። መዝለሌን እንደምታውቂ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሺኝ፣ እደርስበታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ደግሜ ጻፍኩት፣ ደግሜ ሰረዝኩት። ወረቀቱ ገና ከራስጌው ተበላሸ። ሌላ ንጹሕ ወረቀት ላወጣ ነበር፤ ተውኩት። ስርዙ ይቆይ።

ዝም ካልኩሽ አራት ዓመት ሆነ። ከልብስ ስፌት ሱቅሽ በወጣሁበት ቀን "ይሄ የሞተ ሙያ ነው፤ እኔ ከሬሳ ጋር አልቀመጥም" ብዬሽ ነበር። አንቺ ስፒሉን ከከንፈርሽ ሳታወጪ፣ "ሂድ፤ ብቻ የጀመርከውን ነገር እስከ መጨረሻው እየው" አልሽኝ። የተቀየምሽ አልመሰለኝም ነበር። ሰው ስፒል በአፉ ይዞ ሲናገር መቀየሙ አይታወቅም።

ልጅ ሳለሁ ደብዳቤ ሲመጣልን ሁለት ጊዜ ሳላነበው መልስ እንድጽፍ አትፈቅጂልኝም ነበር። አንዴ ተቻኩዬ ስጀምር ብዕሩን ከእጄ ወስደሽ፣ "ሳያነቡ መመለስ ማለት ሰው ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን መሳብ ነው" አልሽኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። ወንበሩ ሲሳብ ታይቶኝ ነው።

*

ጎረቤቶችሽ ስለ እኔ ሲጠይቁሽ "ኮምፒውተር ላይ ነው" እንደምትያቸው ከጎንሽ የምትኖረው ነርስ ነግራኛለች። እውነትሽን ነው። ኮምፒውተር ላይ ነኝ። ዝንብም ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል።

ሥራዬን ልንገርሽ። ድረ ገጽ ያላቸው ሰዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበትን ፎረም ታውቂዋለሽ፤ አንቺም አባል ነሽ። እዚያ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከጽሑፉ ሥር ፊርማ የሚሉት ቦታ አለው። ፊርማው ውስጥ ሊንክ ያስገባል። በቀን አርባ ጊዜ የጻፈ ሰው ሊንኩን አርባ ቦታ ሰቀለ ማለት ነው። ብዙ ቦታ የተሰቀለ ሊንክ የደንበኛውን ገጽ በፍለጋ ወደ ላይ ያወጣል ብሎ አለቃችን ያምናል። ስለዚህ የምንጽፈው የምንለው ነገር ኖሮን አይደለም። ለፊርማው ስንል ነው። ልብሱ የሌላ ሰው ነው፤ እኛ መስቀያው ነን።

አንቺ ቀሚስ ስትጨርሺ በእጥፋቱ ውስጥ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ሦስት ቀይ ስፌት ታስቀሪ ነበር። ፊርማዬ ነው ትዪ ነበር። ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤ ነበር፤ አሁን መጻፍ ስጀምር ግን ጠፋብኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሰባት ጠረጴዛ አለ። መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳና አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው። በስተቀኜ የሚቀመጠውን ጉሮሮ ነው የምንለው፤ ሁለት መስመር ለመጻፍ እንኳ ለጉባኤ የሚናገር ይመስል ጉሮሮውን ይጠርጋል። በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። "አርእስቱን እይ። የመጨረሻዋን መስመር እይ። አመስግን። ውጣ" አለኝ። መሃሉስ ብለው፣ "መሃሉ የባለቤቱ ነው" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እትዬ።

በአንድ ስም ብዙ ከጻፍን የፎረሙ ጠባቂዎች ያባርሩናል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ብዙ ስም አለን፤ እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ስሞች። አንዱ አንድ ነገር ይላል፣ ስምንቱ ይስማማሉ። ስም ማውጣት ከመጻፍ ይከብዳል። የወፍ ስም ጨረስኩ፣ የፍራፍሬ ስም ጨረስኩ፣ የወንዝ ስም ስጀምር ጉሮሮ ቀድሞኛል። ከዚያ ወደ ቤታችን ገባሁ። ሲነሣ የሚያስለውን የስፌት ማሽንሽን ሽማግሌው እንለው ነበር፤ አንድ ስም ሆነ። በሁለት ቤት እራት የሚበላው ድመታችን፣ ደላላው፤ እሱም አንድ ስም። ከወለሉ ላይ ስፒል እየለቀምኩ ስለማመጣልሽ ለእኔ ያወጣሽልኝ ስም አለ፤ ጉንዳን። እሱንም ሰጠኋቸው። ማን ያውቃቸዋል ብዬ።

*

ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤትሽ ነርሷ ደወለችልኝ። ቁጥርህን ከማሽኑ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር ማጠንጠኛዎቹ ሥር አገኘሁት አለች። ወንድሟ ነህ አለችኝ። ነኝ አልኳት። "እንግዲያው ተቀመጥና ስማ" አለችኝ። ተቀምጬ ነበር፤ ግን ተነሣሁ።

የግራ ዓይንሽ እንደጠፋ ነገረችኝ። ከሰባት ወር በፊት ቀዶ ጥገና አድርጊ ተብለሽ እንደነበር፣ ድረ ገጼን ሳልጨርስ ብለሽ እንዳቆየሽው ነገረችኝ። የቀኙ ለመጪው ሐሙስ እንደተያዘና እሱንም ስድስት ገጽ ይቀረኛል፣ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ እያልሽ እምቢ እንዳልሽ ነገረችኝ። "ዘጠኝ ሰዎች ቀጥዪ ብለውኛል ትላለች። አንደኛውማ ተመልሶልኛል ትላለች፤ ከየት እንደተመለሰ እኔ አልገባኝም። ታውቃቸዋለህ እነዚህን ሰዎች? እኔ ባገኛቸው የሁሉንም ዓይን ነበር የምመረምርላቸው" አለችኝ።

አላውቃቸውም አልኳት። ያን ጊዜ የተናገርኩት እውነት ነበር ማለት እችላለሁ። እችላለሁ ወይ? እስካሁን አልወሰንኩም።

*

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ፎረሙ ላይ ጽሑፍሽን ፈለግሁ። አርእስቱ "ልቀጥል ወይስ ላቁም?" ይላል። የመጨረሻዋ መስመር "ያነበባችሁ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ" ትላለች። ከሥሩ የመጀመሪያው መልስ የጉንዳን ነው። "በጣም ጠቃሚ ጽሑፍ ነው። በእርግጠኝነት ይቀጥሉ። እናመሰግናለን።" ቀጥሎ ሽማግሌው፦ "ከላይ በተሰጠው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።" ቀጥሎ ደላላው። ቀጥሎ ስድስት ሌሎች። ዘጠኝ ሰው በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ። ከእያንዳንዱ ሥር የአንድ ፍራሽ መሸጫ ሊንክ።

ያን ቀን ምን እያደረግሁ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ምንም አልመጣልኝም። ከአርባዎቹ ዘጠኙን በአንድ ጊዜ ስለጨረስኩ ደስ ብሎኝ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ መሃሉን አነበብኩ።

"ስለ አሮጌ የስፌት ማሽን ብልሽት ስድስት ዓመት ጻፍኩ፤ መቶ ስድስት ገጽ። ሠላሳ ገጽ ይቀረኛል። ሐኪሙ የዓይንሽ ግፊት ጨምሯል፣ በዚህ ወር ቀዶ ጥገና ካላደረግሽ ታጪዋለሽ ብሎኛል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ ምን ያህል እንደማይ አላውቅም። የሚያነበኝ ሰው ከሌለ ዛሬ አቁሜ ልታከም። የሚያነበኝ ካለ ግን ጨርሼ ልሂድ።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ እንዳስተማርሽኝ።

አሥረኛ መልስ አለ። ባለ መቀስ የሚባል ሰው፣ ፊርማ እንኳ የለውም። "እህቴ፣ ማሽን ይጠብቃል፤ ዓይን አይጠብቅም። ነገውኑ ሂጂ" ይላል። አንቺም "ዘጠኝ ለአንድ ሆነብህ ወንድሜ፤ ስላነበብከኝ እግዜር ይስጥልኝ" ብለሽ መለስሽለት። ያነበበሽ እሱ ብቻ ነበር። እኔ በቁጥር አሸነፍኩት።

ለዘጠኙም መልስ ጽፈሻል። በመጀመሪያ ለሁሉም በአንድ ላይ፦ "ዘጠኛችሁም ፍራሽ ነው የምትሸጡት? እንቅልፍ የበዛበት ሰፈር ገባሁ መሰለኝ።" ቀጥሎ ለሽማግሌው፦ "ሳልህ ተሻለህ?" ለደላላው፦ "አሁንስ በአንድ ቤት ረጋህ?" ለጉንዳን፦ "ምሳህን በልተሃል?"

ከሦስቱ ሥር በሦስቱ ስም መልሻለሁ። ሦስቱም መልስ አንድ ነው። "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። በጣም ጠቃሚ መረጃ ነው።"

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እያየሁ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ጉሮሮ ምን ሆነሃል አለኝ። የሰው ጽሑፍ እያነበብኩ ነው አልኩት። "መሃሉንም?" አለኝ። መሃሉንም አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገ።

*

እትዬ፣ ዘጠኝ ሰው የለም። አንድ ሰው ነው። እሱም አላነበበም።

ይህን መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ባልነግርሽስ ብዬ አሰብኩ። ሰዎቹን ብተውልሽስ፣ በዘጠኙም ስም "በቃ፣ ሂጂና ታከሚ" ብዬ ብጽፍልሽስ። እሺ ትዪ ነበር፤ በተለይ ጉንዳን ካለሽ። ዘጠኙንም አዘጋጅቼ ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ ቀኝ ዓይንሽንም በውሸት ልመራው መሆኔ ታየኝ። የግራውን የመራሁት ይበቃል። ጽሑፎቹን አጠፋኋቸው።

ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። በሦስት ቀን መቶ ሠላሳውን ጨረስኩ። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ "ክር በተበጠሰ ቁጥር ሰው ክሩን ይወቅሳል፤ አስቀድማችሁ መርፌው ፊቱን አዙሮ ገብቶ እንደሆነ እዩ" ያልሽበት ቦታ ስደርስ ድምፅሽን ሰማሁት። ከመቶ ሰባተኛው ገጽ በኋላ ዐረፍተ ነገሮቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። መቶ ሃያ ላይ ፊደሉን አተለቅሽው። መቶ ሠላሳ ላይ አንድ ገጽ የሚሞላው አራት መስመር ነው። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀሽም።

ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ ደግሞ የመዘውሩ ሥዕል ተገልብጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ተገልብጦ ኖሯል። በሕይወቴ ለአንድ ሰው ጽሑፍ የሰጠሁት የመጀመሪያ አስተያየት ይህ ነው።

አለቃዬ አርባዎቹ የት ናቸው አለኝ። አላደረስኩም፣ እያነበብኩ ነው አልኩት። "ማን አንብብ አለህ?" አለኝ። እህቴ አልኩት፤ የቆየ ትእዛዝ ነው አልኩት። እብድ እንዳየ ሰው አየኝና ወንበሩን ለሌላ ሰው እንድለቅ ነገረኝ። ለቀቅሁለት። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ተነሥቼ ስሄድ ያሰብኩት ስለ ወንበሩ አልነበረም። አራት ዓመት፣ በቀን አርባ። ስንት መሃል አለፈኝ? ከመካከላቸው ስንቱ እንደ አንቺ ይጠብቅ ነበር? ይህን ለማወቅ መንገድ የለኝም። አንዳንድ ጊዜ መንገድ ስለሌለኝ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ደስ ማለቴ ያስፈራኛል።

*

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ሂጂ። ለዘጠኙ ሰዎች ብለሽ አትቆይ፤ የሉም። ስድስቱን ገጽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ። የማይገባኝ ቦታ ላይ አስቆምሻለሁ። ሽማግሌው አጠገቤ ካለ እየፈታሁ አያለሁ። የሞተ ሙያ ነው ያልኩሽን ግን አንሺልኝ ብዬ አልለምንም፤ እሱ እኔው የማነሣው ነው።

ይቅር በይኝ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ጻፍኩት፤ ከዚህ በላይ ካሉት ስርዞች አንዱ እሱ ነው። የሰረዝኩት ስላልፈለግሁት አይደለም። በጽሑፍ የተባለ ነገር ከእጄ ሲወጣ ርካሽ መስሎ ስለታየኝ ነው። እጄን ታውቂዋለሽ፤ አመሰግናለሁን ሺህ ጊዜ ጽፏል።

ስለዚህ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አላስገባውም። ነርሷ እንድታነብልሽም አልፈልግም፤ ደግ ሰው ናት፣ ለአንቺ ብላ የሚያምመውን ትዘልለዋለች። እኔው ይዤው እመጣለሁ፤ ይሄኔ የምትሰሚው አንባቢ ስርዙን ሳይቀር እየቆጠረ፣ ከላይ እስከ ታች፣ መሃሉንም ነው የሚያነበው። ድምፁ ቢንቀጠቀጥ ታገሺው። የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

ፈጣሪ የቀረሽን ብርሃን ይጠብቅልሽ። የሐኪሙን እጅ ያቅናልሽ። ቤትሽ ደጋፊ፣ ክርሽ መጨረሻ አይጣ። ክፉ ከደጅሽ ይመለስ፤ የሄደ ግን ይግባ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከስሜ ሥር ምንም የተንጠለጠለ ነገር የለም፤ ሳትመለስ የቀረች አንዲት ጥያቄሽ ብቻ። ምሳዬን አልበላሁም፣ እትዬ። ይህን አንብበን ስንጨርስ እበላለሁ።