እጄን ስላደነዘዘልኝ ክሬም፤ ለአፍንጫ መብሻ ቤቱ ባለቤት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጆሮ፣ የአፍንጫና የእምብርት መብሻ ቤት ባለቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ እርስዎም ሠራተኞችዎም ከራስ ፀጉራችሁ እስከ እግር ጥፍራችሁ ያለው አካላችሁ ሁሉ ሲነካ የሚሰማው እንዲሆንላችሁ ከልብ እመኛለሁ። ይህ ቀላል ምኞት እንዳልሆነ ከቤትዎ ተምሬ ወጥቻለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትምህርቴም እምብዛም ስላልሆነ ደብዳቤው አንዳንድ ቦታ ስፌቱ ቢዛነፍ ይታገሡኝ። ባለፈው ቅዳሜ አፍንጫዋን የተበሳችው፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠችው ልጅ እናት ነኝ። ከመስታወቱ አጠገብ ከንፈሯ ተጣሞ የቆመችው ሴትዮ ብለው ቢጠይቁ ሠራተኞችዎ አይረሱኝም፤ ሲስቁ ሰምቻቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲገባዎት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስዎት። ልጄ ቤት ተከራይታ ከወጣች ወዲህ ተኳርፈን ነበር። ምክንያቱን ይተዉት፤ የእናትና የልጅ ኩርፊያ ምክንያቱ ካለቀ በኋላም ራሱን ችሎ ይኖራል። ታዲያ ደወለችልኝና አፍንጫዬን ልበሳ ነው፣ ፈርቻለሁ፣ እማ መጥተሽ እጄን ያዢኝ አለችኝ። ሕፃን ሆና መርፌ ስትወጋ ጣቶቼን ጭብጥ ታደርግ ነበር፣ እኔም መልሼ ጭብጥ አደርጋት ነበር፤ አለሁልሽ ማለታችን ነው። ከዚህ ሌላ አስታራቂ ሽማግሌ ፈልገን አናውቅም። የሰው ቀሚስ ከነመርፌው ማሽን ላይ ጥዬ መጣሁ።

አቤቱታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በቤትዎ ማደንዘዣ ክሬም ሳይቀባ ማንም እንደማይበሳ፣ የሚቀባውም አብሮ የመጣ ቤተሰብ እንደሆነ፣ የወዳጅ እጅ ፍርሃት ያበርዳልና ሠራተኛዋ በትሕትና አስረድታኛለች። ልብ የሚያሞቅ አሠራር ነው። ጓንት ብጠይቃት ግን እናት ልጇን በጓንት ትነካለች እንዴ ብላ አሳፈረችኝ። እሷ ራሷ ጓንቱን ደርባ ነበር ያደረገችው፤ ለካ የማንም እናት አይደለችም።

ሁለተኛ፣ ክሬሙ ላይ የተደረገው ላስቲክ አፍንጫዋ ላይ አልይዝ ስላለ በጣቶቼ ደግፌ እንድቆይ ታዘዝኩ። ሬዲዮው ዘፈኑን ጨርሶ ዜና፣ ዜናውን ጨርሶ ደግሞ ዘፈን እስኪል ቆየሁ። መሀል ላይ ሞቀኝና የከንፈሬን ላብ በዚያው እጄ ጠረግሁ። ይህን አታድርጉ የሚል ማስታወቂያ ግድግዳዎ ላይ የለም፤ እውነት ለመናገር ግድግዳው በተበሱ እምብርቶች ፎቶ ስለተሞላ የሚለጠፍበት ቦታም የለውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ክሬሙ ጥራት ምስክርነቴን እሰጣለሁ። ለልጄ እንኳ ብዙም አልሠራም፤ መርፌው ሲገባ እንባዋ ዱብ አለ። ድርሻዋን የጠጡት የኔ ጣቶች ናቸው። ጣቶቼን ጨብጣኛለች፤ እኔ ግን አልሰማሁም። የጥፍሮቿን ምልክት ያየሁት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ነው። መልሼ ሳልጨብጣት ስቀር ቀና ብላ ፊቴን አየች። አይዞሽ የኔ እናት ልላት አፌን ብከፍት የደነዘዘው ከንፈሬ ወደ አንድ ጎን ሄዶ፣ ለሚያየኝ ሰው የማሽሟጥጥ መሰልኩ። እጇን ከእጄ ውስጥ አወጣች። እሱም አልተሰማኝም። ገባኝ እማ፣ ይቅር፣ ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

አራተኛውን ተውኩት። ብቻ ሥራዬ ላይ ተመልሼ ስሰፋ፣ ጣቴ መሰፋቱን ያወቅሁት የደንበኛዬ ነጭ ቀሚስ ሲቀላ ነው። አንዷን እንብሳ ብላችሁ ሁለት መብሳታችሁን ለመዝገባችሁ ያህል ይወቁልኝ።

አልተናደድኩም፤ መናደድም አቅም ይፈልጋል። ጣቶቼ በዕለቱ ተመልሰውልኛል። ሌላው ቦታዬ ገና ነው። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል፤ እኔም መልሼ ቀሚሱ ላይ እቀመጣለሁ። ይህን ሥቃይ አልባ አገልግሎት ከነገራችሁኝ በላይ በተግባር ስላሳያችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ባዶ እጇን በእምነት የዘረጋችላችሁ፣ ጣቶቿ መኖራቸውን ዛሬም በዓይኗ እያየች የምታረጋግጥ፣ ከልብ አክባሪዎ
ልብስ ሰፊዋ

ይድረስ ያልኩት ካለቀ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጄ የአፍንጫዋን ጌጥ ለማስቀየር እናንተ ዘንድ ቀጠሮ አላት። ስልክ የማታነሳ ልጅ ወረፋ ስትጠብቅ ግድግዳ ታነባለችና፣ አንዱን እምብርት አንስታችሁ ይህን ደብዳቤ በቦታው ለጥፉልኝ። ጣቶቼ ደንዝዘው እንጂ እኔስ አልለቀቅኳትም። ስታነብ ግን አደራ፣ ምንም እንዳትቀቧት፤ ይሄ እንኳ ይሰማት።