ገና ብዬ የለጠፍኩት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1990

ከሆቴሉ ሥራ በቀጥታ ወደ አስፋልቱ ሜዳ። ሆኪያችንን ሊያይ ስንት ሰው መጣ? አራት። አንዱ ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ ነው። 6 ለ 1 ተሸነፍን። አጥቂዬ ዮአብ ቢኖር... እሱንም የቴል አቪቭ ቡድን ወሰደው። አሠልጥኜ ባወጣሁ ቁጥር ትልቅ ከተማ ይወስድብኛል። ደከመኝ።

የሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል፣ የመትናሱ፣ ኃላፊ ያሪቭ ደግሞ፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ ተመልካች ካላመጣህ ሜዳውን ለቅርጫት ኳስ እሰጠዋለሁ።» ከየት ላምጣ?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ከአገር ቤት አብረውን የመጡት ሽማግሌዎች ከሕንፃው ሥር ቁጭ ብለው ነው የሚውሉ። ጎንደር እያለ በቆልማማ ዱላ የእንጨት ኳስ ያልመታ ማን አለ? ሆኪ ያው ነው። በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፦ «የገና ጨዋታ፣ ማክሰኞ»።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ምን ነካኝ? ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ መንግስቴ፣ ወረቀቱን ገንጥለው ይዘውት መጡ። «ይኸ የክርስቲያን በዓል ነው፤ እኛ አይሁድ ነን። እዚህም ተከተለን?» ጨዋታው ነው ብል ማን ሰምቶኝ።

ሐረጓም ልጇን ምንይችልን አስቀረችው። «የአይሁድነት ወረቀታችን ገና አላለቀም። ልጇ ገና ሲጫወት ታየ ይበሉኝ?» እውነቷን ነው። የቀረኝን አንድ አጥቂ በአንድ ቃል አጣሁት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አያ መንግስቴ፣ «እኛ ሩር ነበር የምንል።» ሩር... ለካ በኳሷ ስም!

«ደሞ ልጆችህ ዱላ አያያዝ አያውቁም። ከመስኮት ሳይ ነው የከረምሁ።»

ሲያዩ ከረሙ! መውረድ ምን ነበረበት? አዲስ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ሩር»።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

አሥራ አንድ ተመልካች። ዘጠኙ ሽማግሌ፣ ሁሉም አሠልጣኝ። ሐረጓ፣ ሩር ከሆነስ ይጫወት ብላ ምንይችልን መለሰችልኝ። ግን ተሸነፍን።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

የወሩ የመጨረሻ ጨዋታ። የመጣብን የዮአብ አዲሱ ቡድን። ሩር መባሉ ተሰምቶ ሃምሳ ያህል ሰው መጣ፤ ያሪቭ በሩ ላይ ቆሞ ይቆጥራል። እረፍት ላይ 4 ለ 0። ሰዉ መነሣት ጀመረ። አለቀልን፣ አልኩ።

አያ መንግስቴ ከዘራቸውን አስፋልቱ ላይ መቱ። «ቁጭ በሉ። የት ትሄዳላችሁ? ገና ነው።»

ሐረጓ ዘወር ብላ አየቻቸው። ያሉት ያኔ ገባቸው መሰለኝ፣ አንገታቸውን ደፉ። ማንም አልሄደም።

ምንይችል ሁለት፣ ሌላው ልጅ አንድ አገባ። 4 ለ 3 ተሸነፍን።

ያሪቭ፣ «ሽማግሌው ምን ቢላቸው ነው የተቀመጡ?»

«አዳይን ሎ» አልኩት በዕብራይስጥ። ገና ነው፣ አላለቀም።

የሜዳውን ቁልፍ ሰጥቶኝ ሄደ።