ከውጭ የሚከፈተው እጀታ፦ የአቶ አላምረው ዳኛው የሕይወት ታሪክ

አቶ አላምረው ከአባታቸው ከግራዝማች ዳኛው የሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ሥላሴ ወልደ ገብርኤል፣ በጭልጋ አይከል ኅዳር 12 ቀን 1923 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል በደብሩ ቆጥረው በ1934 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1942 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው በአንድ የአውሮፕላን ጥገና ቤት መካኒክነት ተማሩ፤ መብረርም እዚያው ለመዱ። በ1951 ዓ.ም. ጎንደር ተመልሰው ጋራዥ ከፈቱ። በዓመቱ ወይዘሮ ሸዋገነት አለኸኝን አግብተው ጽጌሬዳንና ተክለ ጊዮርጊስን ወለዱ።

በ1953 ዓ.ም. ከጋራዡ ጀርባ ለአንድ ሰው የምትሆን አውሮፕላን በእጃቸው መሥራት ጀመሩ። አጥንቷ እንጨት፣ ልብሷ ሸራ ነበር። ከሁሉ አብልጠው የተጨነቁት ከመቀመጫው በላይ ስለሚዘጋው የመስታወት ክዳን ነው። አውሮፕላኗ ብትወድቅ ሰው ውስጥ እንዳይቀር፣ መቀርቀሪያዎቹን በአንድ ጊዜ የሚያላቅቅ ቀይ እጀታ ከውስጥም ከውጭም አበጁላት። ብረቱን የቀጠቀጡላቸው የወለቃው ባለእጅ አያ አድማሴ ናቸው። እጀታው ዝም ብሎ ቢሳብ ይጠብቃል፤ መጀመሪያ ግማሽ ዙር መዞር አለበት። አቶ አላምረው ይህን ሊያሳዩን ቢጠሩን፣ ዘመዱ ሁሉ "ገና ሳትነሣ መውደቂያዋን ታበጃለህ?" ብሎ ሳቀባቸው። አከፋፈቱን የተማሩት አያ አድማሴ ብቻ ናቸው።

ጥር 14 ቀን 1959 ዓ.ም. ከአዘዞ በታች ካለው ሜዳ ሊነሡ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። የባለእጅ ዓይን ያርፍባታል ብለን አያ አድማሴን ከመንገዱ ማዶ አስቀረናቸው። እጃቸውን ይዤ የመለስኋቸው እኔ፣ ታናሽ ወንድማቸው ፋንታሁን ነኝ። አቶ አላምረው ግን ሰውየው ቢያስፈልግ ከውጭ ሊከፍቱላቸው ሜዳው ዳር የቆሙ መስሏቸው ክዳኑን ዘጉ።

ተነሥተው ሜዳውን በአየር ሁለት ጊዜ ዞረው ሲያርፉ ጎማው ቦይ ገባና አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ተተከለች። ክንዳቸው ስለ ተሰበረ የውስጡን እጀታ ማዞር አልቻሉም። ቤንዚን ይፈስ ነበር። ደርሰን የውጭውን ሳብን፤ በሳብን ቁጥር ጠበቀ። አያ አድማሴ ከማዶ "አዙሩት እንጂ፣ አዙሩት" ይሉ ነበር። እኛ ሟርተኛ ብለን ሰደብናቸው። እሳት ከተነሣ በኋላ ሰዉን ጥሰው ገብተው በግማሽ ዙር ከፈቱት። የሁለት እጃቸው ቆዳ እዚያው ቀረ።

አቶ አላምረው ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኙ። "አያ አድማሴ ምነው ከሜዳው ጠፉ?" ብለው ጠየቁኝ። ገበያ ሄደው ነበር አልኋቸው። ይህን አምነው ጥር 23 ቀን በ36 ዓመታቸው አረፉ።

እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው አሉ። ይህ ሲነበብ አያ አድማሴ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከቅጥሩ ውጭ ቆመዋል። ሊያጽናና የመጣ ሰው ከእኛ አስቀድሞ ወደ እሳቸው ይሂድ። እኛ ክዳኑን ልንከፍትላቸው ላልቻልን ወንድማችን እግዚአብሔር የገነትን በር ይክፈትላቸው።