ማለፊያ ድልድይ

ረቡዕ፣ ጥር 13 ቀን 1956

ጠዋት የመጻሕፍት አቧራ አራገፍኩ። አንዱን ልከድን ስል ከፈትኩት... ምሳ አለፈኝ።

ከሰዓት በኋላ የአጥቢያው ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ባላምባራስ ቱሉ መጡ። የጉባኤውን ቤት ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶታል። ቆርቆሮው በጨረታ ነው የሚጠገነው። ጨረታ የሚያወጣው ጉባኤው ነው። ጉባኤው ደግሞ ቤት ስለሌለው አይሰበሰብም። ይኸው ሲዞር ሁለት ዓመቱ።

«እትዬ ተናኘ፣ በየረቡዑ ሳሎንዎን ቢያውሱን...»

ነፍሱን ይማርና ባሌ እንግዳ ይወድ ነበር፤ ወንበር ሞልቷል። እኔ የምቀመጠው አንዱ ላይ ብቻ ነው። እሺ አልኩ። መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ሁልጊዜ ማየት እፈልግ ነበር። መካኒሳ ድረስ፣ ቤቴ ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

መጡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሹራብ ይዤ ተቀመጥኩ። ሴት በጉባኤ አትቀመጥም ተብሎ የተጻፈ የለም። ተጽፎ ቢሆን ይሻል ነበር፤ እከራከረው ነበር።

ወተት የምታመጣልኝ የላፍቶዋ ሸጊቱ አቤቱታ ይዛ ቀረበች። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ወተቷ ከወዲያ ማዶ ይቀራል። አምና ሐምሌ ደግሞ አህያዋን ከነጭነቷ ጎርፍ ወሰዳት። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቹ የሚያድሩት በዚያ ወተት ነው።

«ዘንድሮም ማለፊያ ካልተገኘ ላሞቼን ለቄራ ሰው ሸጬ ሰው ቤት እቀጠራለሁ» አለች። አላለቀሰችም። እንደ ገበያ ወሬ ነገረቻቸው።

ሁሉም አዘኑ። ለማዘጋጃ ቤት ይጻፍ ተባለ። ጸሐፊው አቶ መዝገቡ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

«ለአህያ ማለፊያ የሚሆን ድልድይ በልልኝ» አለች ሸጊቱ።

መዝገቡ ብዕሩን አነሣ። «አህያ? ትልልቅ ሰዎች በሚያነቡት ወረቀት ላይ?»

«የምታልፈው እኮ እሷ ናት!»

«በአፍ ሲሆን ‹አህያ፣ ይቅርታ› እንላለን። በጽሑፍ ይቅርታ የሚባልበት ቦታ የለም።»

ባላምባራስ አሰቡና፣ «እውነቱን ነው። አውጣት» አሉ።

አህያዋ ወጣች። የቀረው ይኸው ነው፦ «ለሕዝቡ ማለፊያ ድልድይ እንዲሠራልን...»

ሹራቤን አቆምኩ። ማለፊያ? መሻገሪያ ማለት ነው ወይስ ግሩም? እኛስ እናውቃለን። ከተማ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰውዬስ? ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ሻይ የደረሰ መሰላቸው።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

ተፈቀደ! በአንድ ወር! መዝገቡ «የአጻጻፉ ኃይል ነው» አለ። ማንም አልተቃወመውም።

ፕላኑ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘረጋ። እኔም ሻይ አመጣሁ ብዬ አየሁት። የከተማው መሐንዲስ ‹ማለፊያ› የሚለውን ቃል በሙሉ ልቡ ነው ያነበበው። ቅስት አለው። ከግራና ከቀኝ የአበባ ማስቀመጫ። በሁለቱም ጫፍ አምስት አምስት ደረጃ። መካከሉ ላይ የመብራት ምሰሶ።

«መብራት!» አሉ ባላምባራስ። «ኤሌክትሪኩስ?»

«እሱ በሌላ ደብዳቤ ይጠየቃል» አለ መዝገቡ።

ጨረታው ግቢዬ ውስጥ ሆነ። ዑስማን የሚባል የግንበኞች አለቃ አሸነፈ። «ለመሆኑ ምን ዓይነት ድልድይ ነው የምትፈልጉት?» ብሎ የጠየቀ እሱ ብቻ ነበር።

«ማለፊያ» አሉት በአንድ ድምፅ።

አህያዋን ማንም አላነሣም። አንዴ ከወጣች በኋላ መልሶ የሚያስገባት ጠፋ። መጋረጃዬ ዛሬ ወፍራም ሆነብኝ... ምን ብዬ ልውጣ?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 8

ጾም ነው፤ ወተት የለም። ወደ ወንዙ ወረድኩ። ዑስማን ቅስቱን ጨርሶ ደረጃ እየገነባ ነው። ሸጊቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ደረጃ።»

«ለምን?»

ለዚህ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ የለኝም። «ለውበት ይመስለኛል» አልኳት።

«ዋቃዮ! ዳለቻ ውበት አትወጣም!»

ዳለቻ አዲሷ አህያዋ ናት። ግራጫ። ስለ ሥነ ሕንፃ ያላትን አስተያየት ገና አልሰማንም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

አለቀ። ያምራል... እውነቴን ነው፣ ያምራል። ዳለቻ ተሞከረች። ሁለት ሰው ሳባት፣ አንድ ሰው ገፋት። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አፍንጫዋን አስጠጋች። አንገቷን ዘርግታ የማስቀመጫውን አበባ በላች። ተመለሰች።

ጉባኤው ተሰበሰበ።

«ማለፊያ አልን፤ ማለፊያ ሠሩልን» አለ መዝገቡ። «በምን እንክሰስ?»

«ደረጃው ይፍረስ ብለን ብንጽፍስ?» አሉ ባላምባራስ።

«ምክንያቱን ይጠይቁናል።»

«ምክንያቱማ...»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ምክንያቱ ውጭ ቆማ አጥሬን ትበላለች።

ለነገሩ ጊዜም የለም። ሰኔ 7 ለምረቃ ትልቅ ሰው ይመጣል፤ እስከዚያ ከድልድዩ ላይ አንድ ድንጋይ እንዳይነሣ ተብሏል። ዑስማንም «ከነደረጃው ካላስረከብኩ ውል አፈረስክ ይሉኛል» አለ። ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው። አህያዋም ልክ ናት። እንዲህ ሁሉም ልክ ሆኖ የተበላሸ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ዘነበ። ሸጊቱ ላሞቿን ለቄራው ሰው አሳየች። እስከ ሰኔ አጋማሽ እንዲታገሣት ለምናዋለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 26

ዛሬ ከመጋረጃው ወጣሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የራሴን ወንበር። ባላምባራስ የሻዩን ትሪ በዓይናቸው ፈለጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ ነው» አልኩ። «ዑስማን፣ ውሉ ደረጃ ሥራ ይላል?»

«ይላል እትዬ። አምስት አምስት። ሠርቻለሁ።»

«ደረጃው ይታይ ይላል?»

ዑስማን አፉን ከፈተ። ዘጋ። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ መጣ። «አይልም! ወላሂ አይልም!»

«ታዲያ የት ሊሄድ ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«የትም አይሄድም። ባለበት ሆኖ አፈር ይልበስ።»

መዝገቡ ገባው፤ ግን ጸሐፊ ነውና ፈራ። «አፈር ማልበስ ፈቃድ አይፈልግም?»

ባላምባራስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ድልድዩን ማን ነካው? እኛ መንገዱን ነው ከፍ ያደረግነው።»

ለካ ሰውዬው ሰብሳቢ የሆኑት ያለ ነገር አይደለም። ለሰኞ ደቦ ይጠራ ተባለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 1

ከላፍቶም ከለቡም ሰው ጎረፈ። አፈር፣ ጠጠር፣ ዘፈን። መዝገቡ ኮቱን አውልቆ አካፋ ያዘ! ማታ ላይ ደረጃ የሚባል ነገር አልነበረም። ዳለቻ አንዴ ወጣች፣ ወረደች። ደግማ ወጣች። ደስ ያላት ይመስላል። ሸጊቱ ግን እስክትጫን ድረስ አላምንም ብላ ሄደች።

እሑድ፣ ሰኔ 7

ትልቁ ሰው መጡ። ፕላኑን ዘርግተው አዩ፤ ድልድዩን አዩ፤ እንደገና ፕላኑን።

«ደረጃው የታለ?»

ባላምባራስ እጅ ነሡ። «አለ ጌታዬ። ከታች ነው።»

«ከምን በታች?»

«ከእግርዎ።»

ሰውዬው እግራቸውን አንሥተው ተመለከቱ። ምን ሊሉ እንደነበር አናውቅም። ከወዲያ ማዶ ዳለቻ የወተት ጣሳዎቿን ተጭና መጣች፤ ሸጊቱ ከኋላዋ «ቁሚ! ኧረ ቁሚ!» እያለች ትሮጣለች። ዳለቻ አልቆመችም። ቅስቱን ወጣች፣ ወረደች፣ ሪባኑን በደረቷ ይዛ በእንግዳው አጠገብ አለፈች። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

ትልቁ ሰው ተከትለው አዩዋት። ቆይተው፣ «ማለፊያ ነው» አሉ።

የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። ወንዙ እዚህ ድረስ ይሰማል። በዚህ ቀን አምና ወተት አልነበረም። ዛሬ በማለዳ በሩ ተንኳኳ፤ ሸጊቱ ናት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። «የቄራው ሰው ትናንት መጥቶ ነበር» አለች። «ወተት ሸጬለት ሄደ።» ረቡዕ ነውና ወተቱን አልቀምሰውም። ግን መጣ።

ከሰዓት በኋላ ጉባኤ ነበር። እኔም ነበርኩ፤ ማን እንደጠራኝ የሚያስታውስ የለም። ዝናቡ የደቦውን አፈር እየሸረሸረው ነው። ድንጋይ እንዲነጠፍበት ለማዘጋጃ ቤት ይጻፍ ተባለ። ለምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ አልኩ። ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መዝገቡ ጻፈ፣ ጻፈ... መካከል ላይ ብዕሩ ቆመ።

«እትዬ ተናኘ...»

«አቤት።»

«አህያ በየትኛው ሀ ነው? በሃሌታው፣ በሐመሩ ወይስ በብዙኃኑ?»

ዕድሜውን ሙሉ ጸሐፊ ሆኖ አንድ ቀን ጽፏት አያውቅም። ባላምባራስ ለሐመሩ ወገኑ። ክርክር ሆነ። ሸጊቱ ከደጅ ሆና፣ «ኧረ በፈለጋችሁት አስገቧት!» አለች።

«በሃሌታው» አልኩ።

መዝገቡ ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ ጻፋት። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ለወረቀቱ «ይቅርታ» አለው።