ማለዳ ዝቅ የሚለው ጥይት

ኅዳር 4

ዛሬም ማለዳ ዝቅ። በሦስት መቶ ሜትር ደህና፣ በአምስት መቶ ትንሽ ወረድ፣ በስምንት መቶ ግን ከመሃል አንድ ክንድ በታች። የጠመንጃውን ቴሌስኮፕ ያዞርኩት፣ ለየርቀቱ ስንት እንደሚዞር በሚናገረው ሰንጠረዥ ልክ ነው። ሰንጠረዡ ደግሞ የገዛ እጄ ሥራ... ሚያዝያ ላይ የጥይቱን ፍጥነት ለክቼ፣ አስልቼ፣ የምሠራበት ማተሚያ ቤት አሳትሜ ለክለቡ ሁሉ ያደልኩት።

ከዒላማው ሥር ካለው መከለያ ጉድጓድ ሆኖ ውጤቱን በሬዲዮ የሚነግረኝ ጋሼ ነው። የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ ዳቦ ጋጋሪው። እስከ ጥቅምት ቡድኑ ውስጥ ነበር። በስምንት መቶ መሳት ሲያበዛ አሰልጣኙ አወጣውና ቦታውን ለእኔ ሰጠኝ። ከሜዳው መራቅ ስላልሆነለት ጉድጓድ ገባ። "ከታች፣ አንድ ክንድ" ይለኛል። ድምፁ ውስጥ ምንም የለም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 6

የቴሌስኮፑን ብሎኖች ፈትቼ አጠበቅኩ። በመቶ ሜትር እንደገና አስተካከልኩ፣ አምስቱም ጥይት አንድ ቦታ ገቡ። ረጅም ወረቀት ሰቅዬ፣ በቱንቢ ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ፣ ቴሌስኮፑን እያዞርኩ ተኮስኩ። አንድ ሜትር ውጣ ስለው አንድ ሜትር ወጣ። ጤነኛ ነው። ታዲያ በሽተኛው ማነው?

አሰልጣኙ መልሱ ኪሱ ውስጥ ነው። ተጨንቀህ ቃታውን እየነጠቅክ ነው አለኝ። ለጋሼም ያኔ ቃል በቃል ይህንኑ ብሎታል።

ኅዳር 7

ሚስቴ ምን ሆነህ አኮረፍክ አለችኝ። በጥይት መኮረፍ ይቻላል እንዴ?

ኅዳር 11

ከሰዓት ብቻዬን ሄድኩ። ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት፣ ያው ሰንጠረዥ። ስምንት መቶ ላይ መሃል መሃሉን! ተደስቼ ሳልጨርስ የቀደሙትን ቀናት ማስታወሻ ገለጥኩ። ጠዋት ይወርዳል፣ ከሰዓት ይገባል... ጠዋት ምን አለ? ብርድ።

ሚያዝያ ላይ ፍጥነቱን የለካሁት መቼ ነበር? በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ወጥቼ። ጥይቱስ የት ነበር የዋለው? መኪናዬ ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ እንደ ዛሬው። ሳጥኑ እጄን አቃጥሎኝ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየቀያየርኩ ነበር የተሸከምኩት። ባሩድ ሲሞቅ ጥይቱ እንደሚፈጥን ጀማሪ እንኳ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር እኮ። ችኮላ።

ኅዳር 12

ውጭ ያደረ ጥይት ይዤ በማለዳ ለካሁ። ሚያዝያ ከለካሁት በሴኮንድ ሃያ አምስት ሜትር ዘገየ። አንድ ክንዱ ይኸው ተገኘ።

ጋሼ ዳቦውን አውጥቶ በማለዳ፣ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ እንዳለ ነበር የሚመጣው። ሁሌ በብርድ፣ በእኔው ሰንጠረዥ። እኔ ቡድኑ ውስጥ እስክገባ ሁሌ ከሰዓት። እሱ ይስታል፣ እኔ እመታለሁ። የምድጃው እሳት ዓይኑን በልቶታል ተባለ። እኔም ብያለሁ። አምኖን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ይህን ያህል ችግር የለብህም ቢለው፣ እምቢ ብሎ መነጽር አሠራ።

ኅዳር 15

ለአሰልጣኙ ነገርኩት። ጣጣ አታምጣ፣ ሰንጠረዡን ዝም ብለህ አስተካክል አለኝ። ለጥር ወር ውድድር የሚሄዱት ስም ሊላክ ነው።

ባስተካክለው እመታለሁ። በአንድ ጀንበር አንድ ክንድ ሙሉ ሲወጣ ግን ጋሼ ያያል። ሞኝ አይደለም፣ ምን ነክተህ ነው ይለኛል። ካላስተካከልኩት እስታለሁ። ብናገር ቦታዬም ቤቴም... መላወሻ አጣሁ። ዛሬም በአሮጌው ተኮስኩ። "ከታች፣ አንድ ክንድ።" "እሺ ጋሼ።"

ኅዳር 19

ጋሼ ምሳ እኛ ዘንድ በላ። እህቱ ከመነጽሩ ወዲህ ተሻለህ ወይ አለችው።

"ያው ነው። ዓይኔ ብቻ አይደለም መሰለኝ፣ እጄም ከድቶኛል" አለ።

ከዚያ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ አይዞህ አለኝ። እኔን! ውሃ ጠጣሁ። ሳልነግረው ሸኘሁት። ፈሪ ነኝ።

ኅዳር 22

ነገርኩት። ዳቦ ቤቱ ሄጄ፣ አሮጌውንና አዲሱን ሰንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። ስለ መኪናው፣ ስለ ፀሐዩ ነገርኩት። ዓይኔን አላየኝም።

"ካወቅክ ስንት ቀንህ ነው?"

"አስራ አንድ ቀን።"

"እሁድ ቤትህ ስበላ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ወረቀቶቹን አጣጥፎ ሰጠኝና ወደ ምድጃው ዞረ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ቤት ስገባ ለሚስቴም ነገርኳት። እስከ አሁን አላናገረችኝም።

ኅዳር 24

ለክለቡ ኃላፊዎች በጽሑፍ አስገባሁ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ የተቀነሰው በእኔ ቁጥር ነው ብዬ ፈረምኩ። አሰልጣኙ ፊቱ ጠቆረ። ለሁለታችንም እንደገና ፈተና ታዘዘ።

ኅዳር 28

ማለዳ፣ ብርድ፣ አዲሱ ሰንጠረዥ፣ ስምንት መቶ ሜትር፣ አስር አስር ጥይት። ጋሼ ዘጠኝ አገባ። እኔ ሰባት። ለጋሼ ብዬ አልሳትኩም፣ እዚህ እንኳ ልዋሽ አልችልም። ይበልጠኛል። ቦታው ተመለሰለት።

ታኅሣሥ 3

የዒላማው ጉድጓድ ሰው ስላጣ እኔ ገባሁ። ዙሪያው ግድግዳ፣ ከላይ የሰማይ ቁራጭ ብቻ። ግን ከኅዳር ወዲህ እንደዛሬ ተንፍሼ አላውቅም። ሚስቴ ጠዋት ጃኬትህን አትርሳ አለችኝ፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ጋሼ ሰላም አይለኝም። መንገድ ላይ ያልፈኛል። በሬዲዮ ግን መነጋገር የግድ ነው። የመጀመሪያው ጥይት አናቴ ላይ ፏጭቶ አለፈ፣ ዒላማውን አወረድኩ።

"የት ገባ?"

"መሃል።"



"እርግጠኛ ነህ?"

ቀዳዳውን በጣቴ ነካሁት። አሁንም ትኩስ ይመስላል።

"እርግጠኛ ነኝ፣ ጋሼ" አልኩት።